ለፋሲካ ገበያ በግ የሚያደልብ ገበሬ አስቀድሞ ሊያሰናዳው ስለሚገባው ነገር

በግ አድልቦ ለፋሲካ ገበያ ማውጣት በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የታወቀ ሥራ ነው። በመንዝ፣ በወሎ፣ በጎጃም፣ በከምባታም ሆነ በካፋ፣ ሁለት ሦስት በግ ከቤቱ አስሮ የሚቀልብ ገበሬ ብዙ ነው። ሥራው የታወቀ ይሁን እንጂ ትርፉ ለሁሉ እኩል አይደርስም። አንዱ ገበሬ በሚያዝያ በጎቹን ሸጦ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ገንዘቡን በእጁ ይዞ ክረምቱን ይቀበላል። ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ያህል ደክሞ፣ መኖውንም ገዝቶ፣ በመጨረሻ ወጪውን እንኳ ሳይመልስ ይቀርና ማዳበሪያውን በአራጣ ብድር ይገዛል። የሁለቱን ልዩነት ብንመረምረው አብዛኛውን ጊዜ በገበያው ቀን የተፈጠረ ሆኖ አናገኘውም፤ ከገበያው በፊት በነበሩት ሦስትና አራት ወራት የተፈጠረ ነው።

ገበሬ ሆይ፤ በግ ገዝተው አድልበው የሚሸጡ ከሆነ በዚያ ሥራ እርስዎ ነጋዴ ነዎት። በከተማ ያለ ባለሱቅ በዓል ከመድረሱ በፊት መደርደሪያውን እንደሚሞላ፣ ገንዘቡንም እንደሚያሰላ፣ እርስዎም እንዲሁ ማድረግ ይገባዎታል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል እንጂ ሳይታሰብ አይመጣም።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

በግ በደንብ ለመድለብ 90 ቀን ያህል ይፈልጋል። ከዚህ ባነሰ ጊዜም፣ ለምሳሌ በ60 ቀን፣ ማድለብ ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጉ አዲሱን መኖና አዲሱን ቤት በመልመድ የሚያልፉ ስለ ሆኑ ትርፉ ይጠባል።

ታዲያ 90ውን ቀን ከየት እንጀምር? ካህናቱ የሚያውቁት ቁጥር እዚህ ላይ ለገበሬው እጅግ ይጠቅመዋል። ጾመ ነነዌ ከሚገባበት ሰኞ እስከ ትንሣኤ እሑድ ምንጊዜም 69 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባው ነነዌ በገባ በ14ኛው ቀን ነው፤ ከዚያም 55ቱ የጾም ቀኖች ይከተላሉ። ስለዚህ ነነዌ ከሚገባበት ሰኞ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቢቆጥሩ በትክክል 90 ቀን ያገኛሉ። በጉ በዚያ ቀን በጉረኖዎ ውስጥ መገኘት አለበት ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ የሚውለው ሚያዝያ 24 ቀን ነው። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባሉ። ከነነዌ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 24 ይሆናል። ይህን ያወቀ ገበሬ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ገበያዎች በጉን ይመርጣል፤ መኖውን ግን በታኅሣሥ አስቀድሞ ያስገባል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30ም አልፎ ስለማይውል፣ በአንዳንድ ዓመት መግዣው ጊዜ ገና ታኅሣሥ ሳያልቅ ይደርሳል። ባለፈው ዓመት በጥር ገዝቼ ነበርና ዘንድሮም በጥር እገዛለሁ ማለት ስለዚህ አያዋጣም። በየዓመቱ ቁጥሩን አዲስ አድርጎ መቁጠር ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው። ቅበላ ሲቃረብ ሥጋ ፈላጊው ስለሚበዛ የበግ ዋጋ ከፍ ይላል፤ አስቀድሞ የገዛ ገበሬ ከዚህ ግፊያ ይድናል። ጾሙ ከገባ በኋላ ዋጋው ቢረግብም የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

በጥር ግን አንድ ችግር አለ፤ እርሱም ሠርግ ነው። በብዙ አገር የጥርና የየካቲት መጀመሪያ የሠርግ ወራት በመሆኑ ለበግ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ በድግስና በስጦታ ተሸርሽሮ ያልቃል። ዕቁብ ያለዎት እንደ ሆነ ዕጣዎ በታኅሣሥ ወይም በጥር መጀመሪያ እንዲደርስዎ ከዕቁቡ ዳኛ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ ሌላውን ወር የሚፈልግ አባል አይጠፋም። ከቁጠባና ብድር ማኅበር የሚበደሩም ከሆነ የመክፈያው ቀን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ይዋዋሉ። መክፈያው በመጋቢት ከሆነ በጉን ሳይደልብ በጾም መካከል ለመሸጥ ይገደዳሉ፤ ይህም የድካምዎን ዋጋ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማስፈር

ብዙ ገበሬ ትርፍ የሚለው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ይህ አያስኬድም። ስድስት በግ ለማድለብ ያሰበ ገበሬ እንዲህ ያስላ፤ የዋጋው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረበ ነው፣ በአካባቢዎ ገበያ ይለውጡት። ስድስቱን በግ እያንዳንዱን በ7,000 ብር ቢገዛ 42,000 ብር ይሆናል። ለተገዛ መኖ 6,600፣ ከራሱ ማሳ ለታጨደው ድርቆሽ 3,000፣ ለክትባትና ለመድኃኒት 900፣ ለጨው፣ ለገመድ፣ ለመኪናና ለገበያ ቀረጥ 1,500 ብር ቢያወጣ፣ ጠቅላላው ወጪ 54,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ አንዱ በግ የቆመበት 9,000 ብር ነው እንጂ 7,000 ብር አይደለም። በ9,000 ብር የሸጠ ሰው ሦስት ወር ሙሉ በነጻ ሠራ ማለት ነው።

የራሴን ድርቆሽ ለምን በብር አስባለሁ የሚል ይኖራል። ያንን ድርቆሽ ሌላ ሰው ይገዛዎት እንደ ነበር ያስቡ፤ ለጥገት ላምዎም ቢሰጡት ወተት ይሆን ነበር።

ከስድስቱ አንዱ ቢሞት ደግሞ ያው ወጪ በአምስቱ ላይ ይወድቃል፤ እያንዳንዱ ወደ 10,800 ብር ይቆማል። የአንድ በግ ሞት የሌሎቹን የአምስቱን ትርፍ ሊበላ እንደሚችል እዚህ ላይ ይታያል። ለክትባት የሚወጣውን ጥቂት ብር የሚሳሳ ገበሬ ይህን ቁጥር ደጋግሞ ቢያየው መልካም ነው።

መኖው ከበጉ በፊት ይግባ

በጉን ገዝቶ መኖ ፍለጋ መሮጥ በብዙ ቦታ የሚታይ ጉድለት ነው። ለበዓል የሚያደልበው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚፈልግ የፋጉሎና የፉሩሽካ ዋጋ በጾሙ ወራት ይወጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ አያዳግትም። ከ18 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ድርቆሽና 300 ግራም ያህል ጠንካራ መኖ ቢያገኝ ይበቃዋል። በ90 ቀን አንዱ በግ 45 ኪሎ ድርቆሽና 27 ኪሎ ጠንካራ መኖ ይበላል። ለስድስት በግ 270 ኪሎ ድርቆሽ ይሆናል፤ የሚረገጠውና የሚበላሸው ሲታሰብ 300 ኪሎ ማሰናዳት ይገባል። ጠንካራው መኖ 165 ኪሎ ግድም ነው። ይህንንም ሁለት እጅ የስንዴ ፉሩሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር በማደባለቅ፣ ማለት 110 ኪሎ ፉሩሽካና 55 ኪሎ ፋጉሎ በመግዛት፣ ማዘጋጀት ይቻላል። ፋጉሎው ሥጋ የሚገነባውን፣ ፉሩሽካው ኀይል የሚሰጠውን ይጨምራል። ሁለቱም በማይገኙበት አገር የባቄላና የአተር ገለባ ከስንዴ ገለባ ይልቅ ይጠቅማል፤ የክክ ገለፈትና የጠላ አተላም ቢጨመር ጥሩ ነው። አተላው ግን ሳይሻግት በዕለቱ መሰጠት አለበት።

በዚህ ዐይነት የተቀለበ በግ እንደ ዘሩና እንደ ጤናው በቀን ከ60 እስከ 90 ግራም ሊጨምር ይችላል፤ በ90 ቀን ከ5 ኪሎ ተኩል እስከ 8 ኪሎ መሆኑ ነው። የመንዝ በግ በአካሉ ትንሽ ስለ ሆነ ከዋሸራ ወይም ከቦንጋ በግ ጋር እኩል ይመዝናል ብለው አይጠብቁ፤ የሚበላውም የዚያኑ ያህል ያነሰ ነው።

መኖውን በደረቅ ቤት፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጡ። የሻገተ ፋጉሎ መርዝነት ስላለው ዋጋው ረከሰ ተብሎ አይገዛም፤ በቤትዎ ከሻገተም ለበግ አይሰጥም።

ጠንካራውን መኖ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሙሉ መጠኑ መስጠት ትልቅ አደጋ አለው። በ50 ግራም ጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት እየጨመሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 300 ግራም ማድረስ ይገባል። የበግ ሆድ ለሣርና ለገለባ የለመደ ነው፤ እህል ወይም ጠንካራ መኖ ባንድ ጊዜ ቢገባበት በውስጡ ይኮመጥጣል፣ በጉም መብላት ያቆማል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ በሁለት ቀን ይሞታል። ከአውድማ ገብስ ሰርቆ የጠገበ በግ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የቀኑን ድርሻ ጧትና ማታ ከፍሎ መስጠት፣ ድርቆሹንም አስቀድሞ ማብላት ይረዳል። ንጹሕ ውሃ ዘወትር ከፊቱ ይኑር፤ ደረቅ መኖ የሚበላ በግ ውሃ ካነሰው መኖውንም ይተዋል። አሞሌ ጨው ወይም በመኖው ላይ የሚነሰነስ ጥቂት ጨው አይርሱ።

የሚገዛውን በግ ስለ መምረጥ

ለማድለብ የሚገዛ በግ የከሳ እንጂ የታመመ መሆን የለበትም። በረኃብ የከሳ በግ መኖ ሲያገኝ ቶሎ ያገግማል፤ በበሽታ የከሳው ግን መኖውን ይበላል እንጂ አይደልብም። ሁለቱን ለመለየት የዐይኑን ቆብ ገልጠው ውስጡን ይመልከቱ፤ ቀይ ከሆነ መልካም ነው፣ ነጣ ካለ የሆድ ትል ወይም የጉበት ትል እንዳለበት ይጠርጥሩ። ከአገጩ ሥር እብጠት፣ ከጅራቱ ሥር የተቅማጥ እድፍ፣ ከአፍንጫው ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ሳልና ማነከስ የታየበትን በግ ይተዉት፤ ርካሽ ቢሆንም እንኳ ይተዉት።

ዕድሜውን በጥርሱ ይመርምሩ። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ቋሚ ጥርስ ያወጣ ጎልማሳ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ያልተኮላሸው ወጠጤ ቶሎ ያድጋል፤ ሙክቱ ደግሞ ስብ ይይዛል፣ የበዓል ገዢም ስብ ይወዳል። ለማኮላሸት የሚያስቡ ከሆነ ቁስሉ እንዲድን ማድለብ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይፈጸም። በብዙ ገበያ ለበዓል ቀይና ነጭ በግ ሲፈለግ ጥቁሩ ዋጋ ያጣል። ይህ ለሥጋው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ነገር ግን የሚገዛው ሰው ነው የሚፈርደው፣ እርስዎም በገዢው ዐይን አይተው ይግዙ።

ጤና

የገዙትን በግ በቤት ካሉት ጋር ወዲያው አይቀላቅሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በሽታው ቢኖርበት በዚህ ጊዜ ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ውሃ በሚያቁርበት ረግረግ አገር የጉበት ትልንም የሚገድለው መድኃኒት መሆኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ይጠይቁ። ስለ በግ ፈንጣጣ፣ ስለ ሳንባ ምችና ደስታ መሰል ስለሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ክትባት ማስከተብ ያስፈልጋል። ክትባት በተሰጠበት ቀን አይከላከልም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በሽታው ጎረቤት ከገባ በኋላ ለክትባት መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መድኃኒት የተሰጠው በግ ሥጋው የማይበላበት የቀን ብዛት በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ይህ ቀን ሳያልፍ በጉ ለገበያ አይወጣም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መድኃኒት ከመስጠት በፊት ባለሙያውን ማማከር የሚገባው ስለዚህ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ጧት፣ መኖ ሳይበሉ፣ በጎቹን በመንጠልጠያ ሚዛን ይመዝኗቸው። ሚዛን ለብቻ መግዛት ከከበደ አምስት ስድስት ጎረቤት ተባብሮ አንድ ቢገዛ ይበቃል። በመጀመሪያው ወር ምንም ያልጨመረ በግ ከተገኘ ይመርመር፤ ምክንያቱ ካልተገኘለትም መኖ ሳይፈጅ ይሸጥ።

የቤተሰቡ ጉልበት

ስድስት በግ ማታና ጧት መቀለብ፣ ውሃ ማቅረብና ጉረኖ መጥረግ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድም ቀን የማይቋረጥ ሥራ ነው። በበልግ አብቃይ አገር ደግሞ እርሻውና ዘሩ ከየካቲትና ከመጋቢት ጋር ይገጥማል። ባልየው ከበሬዎቹ ጋር ሲውል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ሥራው ሁሉ በሚስቲቱ ላይ ይወድቃል። እርሷም ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሕፃን ታቅፋ ነው። ስለዚህ በጎቹ ከመገዛታቸው በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ማን መቼ ምን እንደሚሠራ ይነጋገሩ፤ ስድስት የሚበዛ ከሆነ አራት ይግዙ። በደንብ የተቀለቡ አራት በጎች በችኮላ ከተያዙ ስምንት ይሻላሉ። ሚስቲቱ የምትቀልበው ከሆነ ገንዘቡ ሲገኝም የምትናገርበት ድርሻ ሊኖራት ይገባል፤ ይህን የማያደርግ ቤት በሚቀጥለው ዓመት በጎቹን የሚያይለት ሰው ያጣል።

ስለ መሸጥ

ብዙ ሰው በጉን ሁሉ ለበዓሉ ዋዜማ ያቆያል። በዚያን ቀን ገዢው ብዙ ነው፤ ሻጩም እንዲሁ ብዙ ነው። ከሰዓት በኋላ ከየአቅጣጫው የመጣው በግ ሳይሸጥ እንዳይመለስ ባለቤቱ ሲጨነቅ ገዢው ያውቅበታል፣ ዋጋውንም ይሰብራል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ በጉ አንሶ ዋጋው ይሰቀላል። ይህ ዕጣ እንደ መጣል ነው፤ የማዳበሪያ ገንዘብ በዕጣ ላይ አይጣልም። የሚሻለው በጎቹን በሁለት ከፍሎ ቀድመው የደለቡትን በሆሣዕና ሳምንት፣ የቀሩትን በሕማማቱ ሳምንት መሸጥ ነው። በ2019 ዓ.ም. ሆሣዕና ሚያዝያ 17 ነው።

ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ ገበያ ወጥተው ዋጋ ይጠይቁ፤ በጉን ይዘው መሄድ አያስፈልግም። በከተማ ያለ ዘመድም በስልክ ሊነግርዎ ይችላል። ጎረቤታሞች አብረው መኪና ቢከራዩና ወደ ትልቁ ከተማ ቢወስዱ ደላላው የሚወስደው ይቀንስላቸዋል። በእግር ሩቅ የተነዳ በግ በሦስት ወር የያዘውን ሥጋ በመንገድ ላይ ያራግፋል፣ አንገቱን ደፍቶም ገበያ ይገባል። በእግር መንዳት ግድ ከሆነ በዋዜማው ቀስ ብለው ነድተው በገበያው አቅራቢያ ያሳድሯቸው፤ ውሃና ድርቆሽ ይስጧቸው።

እርስዎ ራስዎም ይሰናዱ። በሕማማት ሳምንት ገበያ የሚወጣ ገበሬ ጾመኛ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ፣ ረጅም መንገድ ሄዶ፣ ቀትር ላይ ሲደክመው ከጠገበ ነጋዴ ጋር ይከራከራል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ለመገላገል ብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ዋጋ ከቤት ሳይወጡ፣ ሒሳቡን አይተው፣ ከሚስትዎ ጋር ቁርጥ አድርገው ይወስኑ፤ ከዚያም ብቻዎን ሳይሆን ከአንድ ጎረቤት ወይም ከጎረመሰ ልጅዎ ጋር ይሂዱ። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍል ገዢ ሲመጣ፣ እርሱ የሚያሳይዎትን መልእክት ሳይሆን የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን አይተው ገመዱን ይልቀቁ። ጥሬ ገንዘብ ከሆነም ግርግር ከሌለበት ቦታ ሆነው ይቁጠሩ፣ ሐሰተኛ ኖት እንዳይኖርበት ይመርምሩ።

ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌያችሁ ያለው ገበሬ ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያደርግ አይችልም። ክትባቱ ከጥር በፊት እንዲደርስ በኅዳር ማሳሰብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ፋጉሎና ፉሩሽካ በጅምላ እንዲያስመጣ በታኅሣሥ መወያየት፣ የነነዌንና የትንሣኤን ቀን በእርሻ ማሠልጠኛው ሰሌዳ ላይ መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው። የአካባቢው ዋጋ በየሳምንቱ እዚያው ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ገበሬው በደላላ ቃል ብቻ አይመራም።

ከፋሲካ የተረፈ በግ

ያልተሸጠ በግ ቢኖር ወዲያው ከስሮ መሸጥ የግድ አይደለም። የዓረፋ በዓል በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ዓመት ከፋሲካ ብዙም ሳይርቅ ይውላል። በ2019 ዓ.ም. ግንቦት 8 ቀን ግድም ይውላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ጨረቃዋ ስትታይ ነው የሚቆረጠው። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ብቻ ማለት ነው። የዓረፋ ገዢ ጆሮው ያልተቆረጠ፣ ዐይኑ ያልታወረ፣ የማያነክስና ያልከሳ በግ ይፈልጋል። በወሎና በሌሎችም ሁለቱ በዓላት በሚከበሩበት አገር ያለ ገበሬ ሁለቱንም ቀን ቆጥሮ፣ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚሆን በእያንዳንዱ በግ ሂሳብ 7 ኪሎ ድርቆሽና 4 ኪሎ ተኩል ጠንካራ መኖ አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጥ።